የዜፈሪኖ ማሰሮ

ፋሮ ሆስፒታል፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ
ባለሙያ ነኝ፣ ልብን በድምፅ የማይ።
ሰኞ ማለዳ ላይ አንዲት ሴት አመጡ፣
ከንፈሯ አመድ ለብሶ፣ ጣቶቿ የገረጡ፤
ዴኦሊንዳ ስሟ፣ ሰባ አንድ ዓመቷ፣
የሳንታ ሉዚያ ሰው፣ ባሕር ጎረቤቷ።
«ደረቴ ላይ» አለች፣ «መልሕቅ ጣሉበት።»
ግፊቷን ብንለካ፣ ቁጥሩ የለው ዕረፍት።

ቀጭን ቧንቧ አስገብተን አየን የልቧን ደም ሥር፦
የረጋ ደም የለ፣ የሚዘጋ ጠጠር፤
ክፍት ነው መንገዱ እንደ እሑድ መንደር።
ታዲያ ምን ነካት ብዬ ጄሉን ቀባሁና
ከግራ ጡቷ ሥር ማያዬን ጣልኩና
ስክሪኑን አየሁት።
ልብ አይመስልም ልቧ።

አንገቱ ጠባብ ነው፣ ሆዱ ግን ተነፍቷል፣
ከላይ ይጨምቃል፣ ከታች ግን ተኝቷል።
«ጃፓኖች» አልኳት፣ «ስም አውጥተውለታል፣
ኦክቶፐስ ማጥመጃ ማሰሮ ይሉታል።»
ፊቷን ወደ ስክሪኑ ቀስ አርጋ መለሰች፣
ያን ሁሉ ሕመም ይዛ በሳቅ ተነፈሰች፦
«ይሄንንማ» አለች፣ «አንተ አትነግረኝም፤
አርባ ዓመት አጥቤዋለሁ፣ ቅርጹ አይጠፋኝም።»

ባሏ ዜፈሪኖ ኖቬምበር ወጥቶ ቀረ፤
ጀልባው ተገልብጦ፣ ባዶ ሣጥን ተቀበረ።
አላለቀሰችም። እንግዳ ሸኘች፣ ዕቃ አጠበች፣
መረቡን ሸጠች፣ የጀልባውን ዕዳ ቆጥራ ከፈለች።
ልጇ ኦቲሊያ ግፊቷን ለክታ
«መቶ ሃያ በሰማንያ! እናቴ ድንጋይ ናት» አለች።

ስምንት ወር አለፈ። እሑድ ወደ ማታ
አንድ ጎረምሳ መጣ፣ በሩን መታ መታ፤
መረቡ ያወጣው፣ ዛጎል የለበሰ
ማሰሮ ታቅፎ ከደጇ ደረሰ።
ሥሩ ላይ ምልክት፣ በጥፍር የተጫረ፦
ሦስት ጭረት፣ አንድ ነጥብ። የማን እንደነበረ
መጠየቅ አላሻት።
«የእርስዎ ነው መሰለኝ» አለ ልጁ።

የቀረውን እኔ፣ ሥራዬ ነውና፣ ልናገረው፤
ወሬው ከጭንቅላቷ ነው የጀመረው።
ለውዝ የምታክለዋ የፍርሃት ማደሪያ
ዓይን ያየውን ሰምታ ደወለች ማስጠንቀቂያ፤
ደወሉ በአከርካሪዋ ቁልቁል ተንደረደረ፣
በየነርቩ ጫፍ «ተነሥ!» እያለ አደረ፤
ኩላሊት የደፋት ቆብ መሳይ ዕጢዋ
አድሬናሊን ለቀቀች፣ ጠበበ የደም ሥርዋ፤
አንገቷ ውስጥ ያሉት ግፊት ጠባቂዎች
«በዛ! በዛ!» ቢሉ፣ ላይ ቤት ሰሚ የለም፤
ከአንጎል ግንድ ወርዶ ልጓም የሚይዘው፣
«ቀስ በል፣ ቀስ» የሚለው ተንከራታች ነርቭ፣
ያን ማታ ድምፁን ማዕበል ዋጠው።

ልብ ያስባል ይባላል። ልብ አድርጉ ይባላል።
እኔ ያየሁት ልብ ግን ይታዘዛል፣
«ማዕበል መጣ» ሲሉት ያብጣል፣ ይደነግጣል።
ማዕበሉ ማሰሮ መሆኑን ማን ይንገረው?
አንጎል ደብዳቤ ጻፈ እንጂ ባሕሩን አላየ።

በአራተኛው ሳምንት ተመልሳ መጣች።
ጄል፣ ማያ፣ ስክሪን፤ ልቧ ከሥር እስከ አፉ
ይጨምቃል፣ ይለቃል፣ እንደማንም ልብ።
«ማሰሮው ጠፋ» አልኳት።
ዝም አለች። ከዚያ፦
«ታውቃለህ? እዚያ ማሰሮ ውስጥ መብል አይደረግም።
ኦክቶፐሱ ቤት መስሎት ነው የሚገባው።
ሲጎትቱት እንኳን አይወጣም፤ ግድግዳውን ያቅፋል።»
ሸሚዟን ቆለፈች።
«የኔ ውስጥ ምን ነበረ?»

«ደም» አልኩ። ሌላ ምን ልበል፣
መሣሪያዬ ሌላ አያሳይም።

ኮቷን ደርባ ወጣች። ቀጣዩን ሕመምተኛ ከመጥራቴ በፊት
ሁለት ጣቴን አንገቴ ላይ አሳረፍኩ፣
አንድ ሰው ከላይ የሚጽፍልኝን
በዳሰሳ የማነብ ይመስል።